የማይሰማው ቤዝ

በሰኔ 2016 ዓ.ም. ለተመራቂዎች በተዘጋጀው ምሽት የሙዚቃ ክበባችን አምስት ዘፈን ተጫወተ። ቤዝ ጊታሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ላቤ እስኪንጠባጠብ ተጫወትኩ ብል ውሸት የለበትም። ማታ ዶርም ገብተን አንዱ ልጅ በስልኩ የቀረፀውን ሲከፍተው ኪቦርዱ አለ፤ ድራሙ አለ፤ ዘፋኟ አለች፤ ከኋላ የሚያፏጨው ተመራቂ እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ እኔ ብቻ የለሁም። ጣቴ ከክር ክር ሲሯሯጥ ይታያል፤ ድምፅ የሚባል ነገር ግን የለም። «አንተ ግን ምን ስትሠራ ነበር?» አለኝ ልጁ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

እኔ ቤዝ የወደድኩት ነፋስ መውጫ ነው። ጊታር አይቼ አይደለም፤ ከበሮ ሰምቼ ነው። ያገሬን ነፋስ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ከተማው ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። በንግሥ ቀን ከደጃችን ቆሜ ሳዳምጥ የሊቃውንቱን ዜማ ነፋሱ ይወስደዋል፣ መልሶ ያመጣዋል፤ የከበሮው ድምፅ ግን ዱም ዱም እያለ ሳይቋረጥ ይደርሳል። (ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያው የቤተልሔም አገር ነውና ስለ ዜማ ብናወራ አይፈረድብንም።) ያ ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ ነገር ውስጤ ቀረ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በክበቡ ዕቃ ቤት አራት ክር ያለው አሮጌ ቤዝ ተጋድሞ ሳየው ጊዜም አላጠፋሁ፤ የአይቤክስ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ ጣቴን ማለማመድ ጀመርኩ።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። ክበባችን ያለው ድምፅ ማጉያ አንድ ነው፤ ኪቦርዱም ማይኩም ቤዙም እሱ ላይ ይሰካሉ። የቤዝ ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የተራው ጊታር ወፍራም ክር ደግሞ 82 ጊዜ። ይኼን 41 የሚባል ነገር የኛ ማጉያ በጭንቅ ነው የሚያወጣው፤ የስልክ ስፒከርማ ጨርሶ አያውቀውም። እጄ ሰነፍ ሆኖ አልነበረም ማለት ነው። ይኼን ካወቅሁ በኋላ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ግን መጽናናት አያሰማም።

«ፔዳል ግዛ» አሉኝ። ለማታውቁት፣ ፔዳል ማለት በጊታሩና በማጉያው መካከል የሚገባ፣ በእግር የሚረገጥ፣ የሳሙና መያዣ የምታህል ሣጥን ናት፤ ድምፁ ወደ ማጉያው ከመድረሱ በፊት ትለዋውጠዋለች። የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ተቋርጦ ስለከረመ ድምፅ ሰምቶ ማማረጥ የማይታሰብ ነበር። የቀረኝ የሰው ምክር ነው። የሰው ምክር ደግሞ መቼም ታውቁታላችሁ።

አንዱ ኮምፕሬሰር ግዛ አለኝ። የበረታውን ምት ዝቅ፣ የደከመውን ከፍ እያደረገ እኩል የሚያስኬድ ነው። ደኅና ዕቃ ነው፤ ባለሙያዎቹም ከእጃቸው አይለዩትም። ግን የማይሰማ ነገር እኩል ቢሆን ምን ይረባኛል? ሌላው ኦክታቨር አለኝ፤ ከተመታው ድምፅ በታች ሌላ ወፍራም ድምፅ የሚጨምር። እኔ 41ን ማሰማት አቅቶኝ ከሱ በታች ልውረድ? ደግሞ ርካሾቹ ወፍራሙ ክር ሲመታ ድምፁን መያዝ እያቃታቸው እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳሉ። ኮረስም አለ፤ አንዱን ድምፅ እያወዛወዘ ሁለት ሰው የሚጫወት ያስመስለዋል። ለትዝታ መግቢያ ያምራል፤ ጭክችካ ላይ ሲመጣ ግን ዘፈኑ የቆመበትን መሬት ያላላዋል። አንዱ ጓደኛዬ ደግሞ «ፔዳል ፔዳል ነው» ብሎ የሊድ ጊታሩን ዲስቶርሽን አዋሰኝ። ሰካሁት። ቤዙ ንብ ሆነ! ጩኸቱ አለ፤ ወፍራምነቱ ግን በሙሉ ጠፋ። ለተራ ጊታር የተሠሩት ብዙዎቹ ወፍራሙን ድምፅ ገና ከመግቢያው ላይ ይቀንሱታል፤ ለጊታር አስፈላጊ አይደለማ። ርካሽ ነው ብሎ የጊታር ፔዳል ለቤዝ የሚገዛ ሁለቴ ነው የሚከፍለው፤ ይኼን ከኔ ተማሩ።

ልቤ ያረፈው ግን መልቲ ኢፌክት የሚባለው ላይ ነበር። ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ፣ ሌላም ብዙ፣ በአንድ ሣጥን አለ፤ ክር መቃኛም አለው፤ የራሱ ድራምም ይመታል። አንድ ያገለገለ ዙም በ5,500 ብር አገኘሁ። በእጄ የነበረው 4,000 ነው። ከዚያ ውስጥ 1,500ው የስምንተኛ ክፍል ልጆች አስጠንቼ ያገኘሁት ነው። 2,500ውን የላከችልኝ እናቴ ናት።

እዚህ ላይ ነው የማፍርበት። እናቴን በስልክ «ለመሣሪያ የሚሆን ብር ያስፈልገኛል» ብያታለሁ። ምን መሣሪያ እንደሆነ አልተናገርኩም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። እሷ የገባት የትምህርት መሣሪያ ነው፤ እኔም እንደዚያ እንዲገባት ፈልጌ ነው የተናገርኩት። አንዲት በግ ሸጠች። የሙዚቃ መሣሪያም መሣሪያ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ።

የጎደለውን 1,500 በክረምቱ አስጠንቼ ልሞላ አሰብኩ። በዚህ መሐል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ ይሁን ተባለ። መስከረም ላይ 5,500 ብሬን ቆጥሬ ስሄድ ያ ዙም 9,000 ገብቷል። ሰኔ ላይ «ይኼማ ፕላስቲክ ነው» ብዬ የናቅኩት የቤሪንገር የቤዝ ኦቨርድራይቭ እንኳ ከ3,000 ተነሥቶ 4,300 ደርሷል። ሳማርጥ ዋጋው ቀደመኝ። ብሩን መጽሐፍ መሐል አድርጌ ወደ ዶርሜ ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ፤ ከብሩም ላይ ለምግብ እያልኩ ቆንጠር ማድረጌ አልቀረም።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም አያቴ ታመሙ ተባለ። የእናቴ አባት ናቸው፤ የሚኖሩት እስቴ ነው። መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቄ በደብረ ታቦር በኩል ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ከዚያም በእግሬ ገጠር ገባሁ። ስደርስ እናቴ ከነፋስ መውጫ ቀድማኝ መጥታ እያስታመመቻቸው ነው። አባባ ተሽሏቸው፣ መደቡ ላይ ተቀምጠው በገናቸውን ይቃኛሉ።

ይኼን በገና ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ግን ለካ ሰምቼው አላውቅም። አሥሩ ክር የበግ አንጀት ነው። ሲደረደር እንደ ክራር ጥርት አይልም፤ ይነዝራል፤ ዝዝዝ የሚል ነገር አብሮት አለ። ቤቱ ሣር ክዳን ነው፤ ማጉያ የለ፣ ምን የለ፤ ግን ወፍራሙ ክር እኔ እስከተቀመጥኩበት በር ድረስ ይመጣል።

«አባባ፣ ለምንድነው እንዲህ የሚነዝረው?» አልኩ።

«እንዚራው ነዋ፤» አሉ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ክሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ ከክሩ ሥር ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አለች። የአንዱን ክር ቆዳ ሳብ አድርገው አወጡና ክሩን መቱት። እፍፍ አለ፤ ደካማ፣ ፈዛዛ ድምፅ። መልሰው ከተቱ፤ በጥፍራቸው ገፋ፣ ሳብ፣ እንደገና ገፋ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግን የቦታው ልክ ሲገኝ ክሩ በአንዴ ተነሥቶ ዘመረ። «እንዚራ ከሌለው ለራሴም አይሰማኝ» አሉ።

ፊዚክሱን ያወቅሁት ኋላ ነው። ክሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን እየነካ ሲመለስ ከዋናው ድምፅ በላይ ሌሎች ድምፆች ይወለዳሉ። 41 ለሚለው ክር 82፣ 123፣ 164 እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። ጆሮአችን እነዚያን ከሰማ ከሥር የጎደለውን 41 ራሱ ይሞላዋል፤ ስፒከሩ ባያወጣውም ወፍራሙን የሰማን ይመስለናል። ኦቨርድራይቭም ፈዝም የሚሠሩት ይኼንኑ ነው። የድምፁን ማዕበል ጫፍ ጫፉን ይቆርጡታል፤ ከቁርጡ እነዚያው ድምፆች ይወለዳሉ። ፈረንጆቹ እዚህ የደረሱት ደግሞ በብልሽት ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ገደማ ናሽቪል ውስጥ ማርቲ ሮቢንስ ሲቀዳ፣ ግሬዲ ማርቲን የሚጫወተው ባለ ስድስት ክር ቤዝ የገባበት የስቱዲዮ መሣሪያ ተበላሽቶ ድምፁን አነዘረው፤ ወደዱትና ተዉት። የድምፅ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ያንን የሚያስመስል ሣጥን አሠራ፤ በ1962 ማኤስትሮ ፈዝ ቶን ተብሎ ገበያ ወጣ። ከቤዝ ተጀመረ ማለት ነው! እኔም የሊድ ጊታር ነገር ነው እያልኩ ስንቀው ነበር።

ከአባባ ጋር ይኼን ስናወራ እናቴ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። «ያ መሣሪያህ ተገዛ?» አለች ድንገት።

«ገና ነው፣ እማዬ።»

«ምን መሣሪያ?» አሉ አባባ።

ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልቻልኩም። እንደምንም ነገርኳቸው። ቤዝ ስለሚባለው፣ አይሰማም ስለመባሉ፣ ስለ ሣጥኗ። አባባ ጥቂት አሰቡና ሳቁ። «የበጉን አንጀት ትተህ በበጉ ዋጋ እንዚራ ልትገዛ ነው እንዴ አንተ?»

እናቴ አልሳቀችም። «ለትምህርትህ ብዬ ነበር እኮ የሸጥኳት፤» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እንዲያው ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አባባ «በገና ለጸሎት ነው፤ ያንተ ለጭፈራ ነው፤ አላመሳስልህም» ብለው በገናውን ሰቀሉ። ማታ ግን ቆዳው ከምን እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚለሰልስ ቁጭ ብለው አስረዱኝ።

ስመለስ መልቲ ኢፌክቱን ከልቤ አወጣሁት። ሚያዝያ ላይ ያንኑ የናቅኩትን የቤሪንገር ኦቨርድራይቭ ከአንድ ተመራቂ በ3,500 ገዛሁ። ሣጥኑ ፕላስቲክ ነው፤ በስስ ጫማ ነው የምረግጠው። ያስመረጠኝ ግን አንዲት ቁልፍ ናት፤ ማደባለቂያዋ። ንጹሑንና የሚነዝረውን ድምፅ በፈለጉት መጠን ታቀላቅላለች፤ ስለዚህ ወፍራሙ ከሥር እንዳለ ይቀራል፣ ንዝረቱ ከላይ ይጨመራል። ለቤዝ ርካሽ ኦቨርድራይቭ የምትፈልጉ መጀመሪያ ይቺን ቁልፍ ፈልጉ፤ ከሌለችው እለፉት። እኔ ከግማሽ በታች ነው የማደርጋት። ጌይኑንም ገፋ፣ ሳብ እያደረግሁ ልኩን ለማግኘት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ፤ የአባባ ጥፍር ትዝ እያለኝ።

ችግሩም አልቀረልኝም። የገዛሁት ርካሽ አዳፕተር እንደ ወፍጮ ያጉረመርም ነበር፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ስጠቀም ጸጥ አለ። አዳፕተር ስትገዙ የመሐሉ ኔጋቲቭ መሆኑን ፔዳሉ ላይ ካለው ምልክት ጋር አስተያዩ፤ አለዚያ ሣጥኗን ታቃጥላላችሁ። ባትሪ የምትጠቀሙ ደግሞ ልምምድ ሲያልቅ ገመዱን ከፔዳሉ መግቢያ ንቀሉ፤ እንደተሰካ ከቀረ ሳትረግጡትም ባትሪው ያልቃል። ይኼን እስካውቅ ሁለት ባትሪ ከስሬአለሁ፤ የሁለት ቀን ምሳ ማለት ነው።

ከበጓ ዋጋ እስካሁን ለእናቴ የመለስኩላት 1,000 ብር ነው። «ተወው» ትላለች፤ ድምጿ ግን ተወው አይልም።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. ክበባችን እንደገና ለተመራቂዎች ተጫወተ። ያው ልጅ በያው ስልኩ ቀረፀ። ክረምት ላይ ታናሽ እኅቴ አባባን ልትጠይቅ ስትሄድ ቅጂውን በስልኳ ይዛላቸው ሄደች። ስትመለስ ምን አሉ አልኳት። ስልኩን ጆሮአቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ አለች። ዘፋኟን አላነሡም፤ ድራሙንም አላነሡም።

«ወፍራሙ ክሩ ላልቷል፤ ንገሪው፤» አሉ አለችኝ።

ከፍቼ ሰማሁት። እውነትም ላልቶ ነበር።