መስኮቱን ዝጋልን

«አቦ መስኮቱን ዝጋልን! ነፋስ ሊገድለን ነው እንዴ?»

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ናቸው። ላባችን እየወረደ ነው። የድሬ ሰው እኮ ቤቱ ሲሞቀው አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነፋስ እየተቀበለ የሚተኛ ነው! መኪና ላይ ሲወጣ ግን ያው ነፋስ በሽታ ይሆንበታል።

ዘጋሁት። መዝጋት ለምጃለሁ።

ከዓመታት በፊት ታላቅ ወንድሜ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ቤት ተኝቶ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱን አዝዞ ሲያበቃ «መስኮት ክፈቱ፤ በሽታው በታፈነ ክፍል ውስጥ አየር ላይ ይቆያል» አለን። እናቴ አንገቷን ነቀነቀች። ቤት ስንገባ ግን «ብርድ ይመታዋል፣ ዝጋው» አለችኝ። የምዘጋው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ዳነ። እዚያው ክፍል የምትተኛው ታናሽ እህቴ ግን በዓመቱ ማሳል ጀመረች። ወራት ሙሉ መድኃኒት ውጣ እሷም ዳነች፤ የዚያን ዓመት ትምህርቷ ግን ቀረ።

ዐይሻ አካባቢ ስንደርስ አሸዋው መስተዋቱን ይደበድበው ጀመር። እዚያ ነፋሱን መብራት ሊያደርጉት ረጃጅም ተርባይኖች ተክለውለታል። እኛ ታፍነን አለፍን።

ጅቡቲ ገብቼ ዓርብ ዕለት አንድ ዘመዴ ጉቤት የሚባለውን ሰላጤ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ዙሪያው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ጥላ የሚሆን ዛፍ የለም። ከመኪናው ስወርድ ነፋሱ ባርኔጣዬን ነጠቀኝ። ውኃው ላይ ግን ሰዎች ነበሩ። ሸራ በተተከለበት ጠባብ ሰሌዳ ላይ ቆመው፣ ወደ ኋላ ተንጋለው፣ ውኃውን እየሰነጠቁ ይበራሉ።

«ለዚህ ብለው ነው የሚመጡት?» አልኩት።

«ነፋስ ከሌለማ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ!»

በኋላ ሳነብ የባሰም እንዳለ አወቅሁ። ናሚቢያ ውስጥ፣ በረሃና ውቅያኖስ በሚገናኙበት ጠረፍ፣ ሉደሪትዝ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ፈጣን የሸራ ቀዛፊዎች ከዓለም ዳርቻ ወደዚያ የሚጓዙት ሌላ ፍለጋ አይደለም፤ ነፋሷን ብለው ነው። ማዕበል እንዳያስቸግራቸው ቀጥ ያለ ቦይ ሳይቀር ተቆፍሮላቸዋል። ፈረንሳዊው አንትዋን አልቦ በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2015) እዚያ 500 ሜትሩን በአማካይ 53.27 ኖት ሄዶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በሰዓት ከ98 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው! ያለ ሞተር፣ በነፋስ ብቻ። የእኛ አውቶቡስ በናፍጣም ይህን አይሞክረውም።

ሁላችንም በነፋስ ላይ እንቅዘፍ አልልም። ሰው የዓለም ጫፍ ድረስ ሄዶ የሚፈልገውን እኛ በነጻ ሲመጣልን በሩን መዝጋታችን ነው የከነከነኝ።

ስመለስ መስኮት ዳር ተቀመጥኩና ከፈትኩት። ብዙ አልቆየም።

«አቦ ዝጋው!» ሌላ እናት ናቸው።

«እማማ፣ እህቴ የታመመችው እኔ በዘጋሁት መስኮት ነው» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አደረጉ። ቆየት ብለው፣ «በል እሺ፣ ትንሽ ብቻ ተውለት» አሉኝ።

አራት ጣት ያህል ተከፍቶ ድሬ ገባን።