ሦስት ክሬዲት

የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ወረቀት ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ የቱ ይሻለኛል?» የሁለት ተቋማት የአካውንቲንግ የኮርስ ዝርዝር ነው። የአንዱ የዓመት ድምር 60 ይላል፤ የሌላው 34። እሷ እንደሆነች ፈርዳ ጨርሳለች፦ «ስልሳው ይከብዳል!»

ነገሩ ወዲህ ነው። 60 የሚለው በአውሮፓው ስሌት፣ ኢሲቲኤስ በሚባለው የተሠራ ነው። ተማሪው ክፍል የሚቀመጥበት ብቻ ሳይሆን የሚያነብበትና ለፈተና የሚዘጋጅበት ጊዜም ይታሰባል፤ አንዱ ነጥብ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ነው። ክሬዲት አወር የሚባለው ግን በዋናነት የሳምንቱን የክፍል ሰዓት ይቆጥራል። ቁጥሩን ብቻ ማወዳደር አንዱን ቡና በኪሎ፣ ሌላውን በፈረሱላ መዝኖ «ይሄኛው ይበልጣል» እንደማለት ነው።

ይህን ስነግራት አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን የተዛዋሪ ተማሪዎችን ማስረጃ የሚመረምር ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ልጁ ቀን እየሠራ ማታ የሚማር ነው። የሥነ ጽሑፍ መግቢያን በቀድሞ ኮሌጁ ወስዶታል፤ የእነሱ ሁለት ክሬዲት፣ የእኛ ሦስት። ሰረዝኩበት። «መምህር፣ ባነበብኩት ይጠይቁኝ» አለኝ። «መመሪያው አይፈቅድም» አልኩት። እውነት ለመናገር መመሪያውን ገልጬም አላየሁት።

ከፍሎ፣ ከእኔው ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሚያውቀውን ነገር አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሰማኝ። ኤ ሰጠሁት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ኤ ነው።

ለማንኛውም ለልጅቷ እንዲህ አልኳት፦ ግዴታውንና ምርጫውን ለይተሽ ቁጠሪ። የትኛው ኮርስ ለየትኛው ቅድመ ሁኔታ እንደሆነ እይ፤ አንዱ ሲወድቅ ዓመት የሚያስጠብቅ አለና። ዝርዝሩ የዘንድሮ መሆኑን አረጋግጪ፤ በ1996 ዓ.ም. ፍሬሽማን ቀርቶ የብዙው ትምህርት ዲግሪ ሦስት ዓመት ሆነ፣ በ2012 ፍሬሽማን ተመለሰ፣ በ2015 የመውጫ ፈተና መጣ። ፈቃዱንም ጠይቂ። ከሁሉም በላይ ብትዛወሪ ስንቱን እንደሚይዙልሽ አሁኑኑ ጠይቂ፤ የወሰድሽውን ኮርስ ዝርዝር ይዘትም ማኅተም አስመትተሽ አስቀምጪ።

ሰኞ ተመልሳ መጣች። «ጋሼ፣ የኮርሱን ይዘት አሳዩኝ ስላቸው ሳቁብኝ።»

ይሳቁ። እኔም ያኔ ልጁ ጠይቁኝ ሲለኝ ፈገግ ብዬ ነበር።