ስምህ ማን ነው?

ዛሬ የምናካፍላችሁ በገዛ ቤታችን የሆነውን ነው። ልጃችን እንድንጽፈው ፈቅዶልናል፤ ጽሑፉንም ከእናንተ በፊት እሱ አንብቦታል።

ባለፈው የበረዶ ወራት የሚታጠብ ልብስ ስንሰበስብ ከልጃችን አልጋ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘን። በላዩ ሰይፍ የያዘ ሰው ተስሏል። ዙሪያውን በሣጥን በሣጥን የተከፈሉ ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ ጥግ ላይ ደግሞ አስማት የሚል ቃል ተጽፏል። ልጁ 16 ዓመቱ ነው፤ ቤቱ ደግሞ የመጋቢ ቤት ነው። ደነገጥን። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናችን ሳይዞር ተንበርክከን ጸለይን። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን የጸለይነው ስለ ልጁ ነፍስ ብቻ አልነበረም። «ምእመናን ቢሰሙ ምን ይሉናል?» የሚለው ፍርሃትም አብሮን ተንበርክኮ ነበር።

ሲነጋ ወረቀቱን ቀድደን ልንጥለው ተነሣን። እናቱ ግን «መጀመሪያ እንጠይቀው» አለች። እግዚአብሔር ይባርካት።

ጠየቅነው። ወረቀቱ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል ጨዋታ ነው አለን። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሠርተው በእሱ ስም ይናገራሉ፣ ይወስናሉ፤ የሞከሩት ነገር መሳካት አለመሳካቱን ደግሞ ዳይስ ጥለው ያውቃሉ። እኛ የምንኖረው ሚኒሶታ ነው። ለካስ ጨዋታው ከሩቅ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ ዴቭ አርነሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በዚሁ በመንትዮቹ ከተሞች፣ ብላክሙር ብሎ የሰየመውን ምናባዊ አገር ከጓደኞቹ ጋር ይጫወት ነበር። ከዚያ በዊስኮንሲን ይኖር ከነበረው ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆነው በ1974 ጨዋታውን አሳተሙት።

በ1980ዎቹ በዚህ አገር ብዙ ሰባኪዎች ጨዋታውን የአጋንንት በር ነው ብለው አውግዘውታል። እኛም የመጀመሪያ ሐሳባችን ያው ነበር። ጥንቆላን እግዚአብሔር እንደሚጠላ ቃሉ ግልጽ ነው፤ በዚህ አንደራደርም። ነገር ግን በተረት ውስጥ ያለ አስማተኛን ማውራትና ጠንቋይ ቤት መሄድ አንድ አለመሆናቸውንም እናውቃለን፤ እኛም ልጆች ሳለን በምድጃ ዙሪያ የጅብና የቡዳ ተረት እየሰማን አድገናል። ኅሊናው የማይፈቅድለት አይጫወት። እኛ ግን ከመፍረዳችን በፊት ልናይ ወሰንን፤ ጓደኞቹን ቅዳሜ ወደ ቤት እንዲጋብዝ ነገርነው።

አራት ልጆች መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ያቀረብነውን ምሳ በሉ። ከዚያ አንደኛው «ፓስተር፣ እናንተም አንድ ገጸ ባሕርይ ብትሠሩስ?» አለ። ሁለታችን አንድ ገጸ ባሕርይ በጋራ ልንሠራ ተቀመጥን።

ምርጫው ብዙ ነው። በ1974ቱ ጨዋታ የገጸ ባሕርይ ሙያ ሦስት ብቻ ነበር፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ልጆቹ የሚጠቀሙበት በ2014 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ግን 12 ሙያ አለው። ዘር ይመረጣል፤ ያለፈ የሕይወት ታሪክም ይመረጣል። ከዚያ ስድስት ችሎታዎች በቁጥር ይሞላሉ፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ የሰውነት ጽናት፣ ዕውቀት፣ ጥበብ፣ ሰውን የመማረክ ግርማ። ቀድሞ ሦስት ዳይስ ተጥሎ የወጣው ቁጥር በተራ ይጻፍ ነበር፤ ከፍተኛውን 18 ለማግኘት ያለው ዕድል ከ216 አንድ ነው። ዛሬ ግን የሚፈልግ ሰው በነጥብ መግዛት ይችላል። ሁሉም ችሎታ ከ8 ይጀምራል፤ በእጅህ 27 ነጥብ ይሰጥሃል።

እኛ እንደ ወላጅ ወዲያው ሁሉንም 15 እናድርገው አልን። ልጆቹ ሣቁ። አንዱን ችሎታ ከ8 ወደ 15 ማድረስ ዘጠኝ ነጥብ ይበላል፤ ስለዚህ 27 ነጥብ የሚበቃው ለሦስቱ ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ እዚያው 8 ላይ ይቀራሉ። ሁሉንም እኩል ላድርግ ያለ ደግሞ ከ12ና ከ13 አያልፍም። ልጃችን ቀና ብሎ አየንና «አባዬ፣ ሁሉም ነገሩ 15 የሆነ ሰው የለም» አለ። በቀስታ ነው ያለው። እኛም እንደ ጨዋታ ወስደን አለፍነው።

ቁጥሩ ሲያልቅ አራት ባዶ መስመሮች ቀሩ። የገጸ ባሕርዩ ጠባይ፣ የሚመራበት እምነት፣ ከሌሎች ጋር የሚያስተሳስረው ነገር፣ በመጨረሻም ጉድለቱ። መጽሐፉ ጉድለትን ከዝርዝር እንድትመርጥ ይረዳሃል፤ ራስህ መጻፍም ትችላለህ። እንግዲህ ጨዋታው ጉድለት የሌለበትን ጀግና እንድትሠራ አይጋብዝህም፤ ድካሙን ጽፈህ ጠረጴዛ ላይ እንድታኖረው ይጠይቅሃል። የእኛን ምን ብለን እንጻፍ? ብዙ አሰብን፤ አልመጣልንም። ለምሳሌ እንዲሆነን የልጃችንን ወረቀት ተዋስን።

የእሱ ተዋጊ የታወቀ የጦር መሪ ልጅ ነው። በጉድለቱ መስመር ላይ በራሱ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «አባቴ እንዳያፍርብኝ፣ የተሸነፍኩበትን ውጊያ አሸነፍኩ ብዬ አወራለሁ።»

ወረቀቱን መለስንለት። ያን ቀን ብዙም አልተጫወትንም።

ማታ ጓደኞቹ ከሄዱ በኋላ ሻይ አፍልተን አጠገቡ ተቀመጥን። ስለ ወረቀቱ አላነሳንም፤ «ልጄ፣ የተሸነፍክበት ነገር አለ?» ብቻ አልን። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ተናገረ። ኬሚስትሪ ወድቋል፤ ውጤቱን ለወራት ደብቆናል። እኛ በየምስክርነቱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጃችን ሐኪም ሊሆን ነው» ስንል እሱ ከመዘምራን ጋር ቆሞ ይሰማን ነበር። «መዝሙሩ ከአፌ ነው የሚወጣው» አለን። «ጸሎት ሲደርቅብኝ ለማን ልንገር? ሁሉም የፓስተር ልጅ ነው የሚሉኝ።»

ወገኖች፣ ሥነ መለኮት ኮሌጅ ያስተማሩን መልስ ሁሉ በዚያች ሰዓት ጠፋብን። ምክንያቱም ልጁ የተናገረው የእሱን ብቻ አልነበረም። እኛም ጸሎት ደርቆብን፣ መድረክ ላይ ግን እሳት መስለን የቆምንባቸው ወራት ነበሩ። ድካማችንን የምንጽፍበት መስመር በአገልግሎታችን ውስጥ አልነበረንም። ልጁም ያንኑ ተማረ። የእሱን ወረቀት ገና ሳይወለድ ሞልተን ጨርሰን ነበር፤ ሁሉንም 15 አድርገን።

በዚያ ሳምንት የያዕቆብን ታሪክ እንደ አዲስ አነበብነው። ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ «አንተ ማን ነህ?» ብሎ ሲጠይቀው ያዕቆብ ዔሳው ነኝ አለ። የወንድሙን ልብስ ለብሶ፣ እጁንና አንገቱን በጠቦት ቆዳ ሸፍኖ ነበር። ብዙ ጊዜ ስንሰብከው ያዕቆብን እንወቅሰዋለን። ነገር ግን ቆዳውን ያለበሰችው ማን ነበረች? እናቱ ናት። የሚወደው ወላጅ የሌላ ሰው ቆዳ አለበሰው። በረከቱን ይዞ ወጣ፤ ከቤቱ ግን ተሰደደ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በያቦቅ ማዶ፣ በጨለማ፣ ያው ጥያቄ መጣበት። ሲታገለው ያደረው ስሙ ማን እንደ ሆነ ጠየቀው። የሚገርመው፣ ጠያቂው ስሙን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ይህ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ተሸክሞት የኖረውን ስም፣ ተረከዝ ያዥ የሚለውን ስም፣ በገዛ አፉ እንዲናገር ነው። በዚህ ጊዜ ቆዳ አልለበሰም፤ ያዕቆብ ነኝ አለ። አዲሱ ስምና በረከቱ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሲነጋም እያነከሰ ሄደ።

እግዚአብሔር የሚባርከው አንተን ነው እንጂ የለበስከውን ቆዳ አይደለም።

ደግሞም አንሳሳት፤ ጨዋታ ወንጌል አይደለም። ወረቀቱ ለልጃችን ጉድለቱን የሚጽፍበት አንድ መስመር ሰጠው፤ ይቅርታን ግን ሊሰጠው አይችልም። ደግሞ በወረቀቱ ላይ ራስህን ራስህ ትሠራለህ፤ ካልወደድከው አጥፍተህ እንደገና ትጽፋለህ። እኛ ግን ሠሪያችን ሌላ ነው። በእናታችን ማኅፀን የሠራን፣ 8 የሆነውንም 15 የሆነውንም የሚያውቅ፣ አውቆም በልጁ ደም የገዛን ጌታ ነው። በእርሱ ፊት የምንሞላው ነጥብ የለንም።

ነገሩ ሁሉ ተስተካክሏል ብለን አንጽፍላችሁም። ልጃችን ኬሚስትሪውን እንደገና እየተማረ ነው። ከመዘምራን ለጊዜው ወጥቷል፤ እሑድ ግን ይመጣል፣ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። ይጸልያል ወይ ብለን አንመረምረውም፤ እኛ እንጸልይለታለን። ዓርብ ማታ በገበታችን ላይ እያንዳንዳችን በሳምንቱ ያቃተንን አንድ ነገር እንናገራለን፤ ጀማሪዎቹ እኛ ወላጆች ነን። የመጀመሪያው ዓርብ ከብዶን ነበር። ለሽማግሌዎቻችንም ስለ ደረቁት ወራት ነገርናቸው። አንደኛው ሽማግሌ አልቅሶ የራሱን ነገረን።

ያ የጋራ ገጸ ባሕርያችን አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ። የጉድለቱን መስመር በኋላ ሞልተነዋል፦ «ልጁን ከመስማቱ በፊት ስለ ልጁ ይመሰክራል።»

እናንተስ ወገኖች? በቤታችሁ ድካም የሚነገርበት ቦታ አለ? ለልጃችሁ ያለበሳችሁት ቆዳ ይኖር ይሆን? ደግሞ ይህን የምታነብ፣ ገና ወደ ጌታ ያልመጣህ ወንድማችን፣ እህታችን፣ ተስተካክለህ እንድትመጣ የሚጠብቅህ የለም። ስምህን ብቻ ተናገር።

አባት ሆይ፣ የምታውቀውን ድካማችንን ከአንተም ከልጆቻችንም ደብቀናልና ይቅር በለን። እውነተኛ ስማችንን በፊትህ እንናገር ዘንድ ድፍረት ስጠን፤ ልጆቻችንም በእኛ ፊት ይናገሩ ዘንድ ጆሮ ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።