ካሴት 7፣ ጎን «ለ»

በ2014 ዓ.ም. ክረምት አንዲት ወጣት ልታነጋግረኝ መጣች። ቡና አዝዘን እንደተቀመጥን ስልኳን ከፍታ ወደ እኔ አዞረችው። በ1996 ዓ.ም. የጻፍኩት የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አውርዳዋለች። ያን ጊዜ የወሎን የለቅሶ ግጥም ላጠና ገጠር ለገጠር ስዞር ድምፃቸውን ከቀረጽኳቸው አልቃሾች አንዷ የዚህች ልጅ አያት ነበሩ።

«ጋሼ፣ ገጽ 63 ላይ የአያቴ ሙሾ አለ» አለችኝ። «እርስዎ ለባሏ ያለቀሰችው ነው ብለው ጽፈዋል። እናቴ ደግሞ በ77ቱ ድርቅ ለሞተችው ለታላቅ እህቴ ነው ትላለች። የማን ነው እውነቱ?»

ነገሩ በአንዲት ፊደል ላይ የቆመ ነው። እኔ «ጥለኸኝ» ብዬ ጽፌዋለሁ። «ጥለሽኝ» ከሆነ ግን የተለቀሰላት ሴት ናት፤ የእኔም የሦስት ገጽ ትንታኔ ይፈርሳል፤ የአንዲት ሕፃን ሐዘንም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ዓይኔን ወደ ግርጌ ማስታወሻው ላክሁት እንጂ ወዲያው አልመለስኩላትም። «ካሴት 7፣ ጎን ለ» ይላል። «እንግዲያው ካሴቱን እንስማዋ!» አለች ልጅቷ፣ ነገሩ ቀላል መስሏት።

ካሴቱ የለም። አሥራ አራቱንም ካሴቶች በካርቶን አድርጌ ለትምህርት ክፍሉ አስረክቤ ነበር፤ ቢሮው ሲዛወር ካርቶኑ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ቅጂ ብዬ ቤት ያስቀረሁትንም በእኔው ቸልተኝነት እርጥበት በላው። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የእኔ መጽሐፍ ተወርሷል፤ የተወለደበት ቃል ግን ጠፍቷል።

በሀገራችን የሙግት ሥርዓት ሰው ቃሉን ብቻ ሰጥቶ አይሄድም፤ «ተጠየቅ» ሲባል እማኙን ይጠራል። ጥናታዊ ጽሑፍ ቃል ነው፤ እማኙ ዳታው ነው፦ ካሴቱ፣ መጠይቁ፣ የልኬቱ ቁጥር፣ የማስታወሻ ደብተሩ። እኔ ዲግሪዬን የተቀበልኩት እማኜን ማንም ሳይጠራብኝ ነበር። የሚጠራ ሰው ሲመጣ እማኙ ሞቶ ቆየኝ።

ብቻዬን አለመሆኔ አያጽናናም። ቲሞቲ ቫይንስና ባልደረቦቹ የ516 ጥናታዊ ጽሑፎችን ዳታ ከደራሲዎቹ ጠይቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ባሳተሙት ውጤት፣ ጽሑፉ ባረጀ ቁጥር ዳታው ዛሬም የመኖሩ ዕድል በየዓመቱ በ17 በመቶ እንደሚያንስ አሳይተዋል። ምክንያቱም ከእኔ ብዙ አይርቅም፤ የማይሠራ አድራሻ፣ መክፈቻ የሌለው ዲስክ፣ የተዘነጋ ሣጥን።

መድኃኒቱ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ለእያንዳንዳቸው ቁጥር ተሰጥቷል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ለአሥርት ዓመታት እያነበቡ ይዘታቸውን በካታሎግ አስፍረዋል። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 1832» ነው። በየትኛውም አገር የሚጻፍ ጥናት ይህን ቁጥር ከጠቀሰ፣ የተጠራጠረ አንባቢ ወደ መጽሐፉ ምስል ሄዶ ማመሳከር ይችላል። የደራሲው ቃልና እማኙ በአንዲት ቁጥር ተሳስረዋል።

የዛሬው የዲጂታል ማከማቻ ይህንኑ ያሰፋዋል። ለጽሑፉም ለዳታውም ለየብቻ ዲ.ኦ.አይ. የሚባል ቋሚ መለያ ይሰጣል። በዳታው መዝገብ ላይ «የዚያ ጽሑፍ ማስረጃ ነው»፣ በጽሑፉ መዝገብ ላይ «ማስረጃው እዚያ አለ» ተብሎ ይሰፍራል። ፋይሉ የተቀመጠበት ቤት ቢለወጥ አዲሱ አድራሻ ይመዘገባል እንጂ መለያው አይለወጥም። ድምፁ ለሰው ጆሮ ሁሉ የማይሰጥ የቤተሰብ ሐዘን ከሆነም ፋይሉን ዘግቶ መዝገቡን ብቻ ማሳየት ይቻላል። ሀገራችንም እ.ኤ.አ. በ2019፣ በመንግሥት ገንዘብ በዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ጥናቶች ከነዳታቸው ለአንባቢ ክፍት እንዲሆኑ ፖሊሲ አውጥታለች። ፖሊሲው ካርቶን ተሸክሞ አይሄድም፤ የሚሸከመው አጥኚው ነው።

ከልጅቷ ከተለየሁ በኋላ ቤቴን ስፈትሽ ሰነበትኩ። ከሻጋታው የተረፈ አንድ ካሴት ተገኘ፤ ካሴት 3። ቴፕ ከጎረቤት ተውሼ ወደ ዲጂታል ገለበጥኩት፤ በልጅቷና በእናቷ ፈቃድም ሰርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ተቋም በሚያስተዳድረው በዜኖዶ አስቀመጥኩት። መለያውን ከጽሑፌ መዝገብ ጋር እንዲያያይዙልኝ የቤተ መጻሕፍቱን ሰዎች ለመንኩ፤ ከሥሩም አንድ ዐረፍተ ነገር አስጨመርኩ፦ «ካሴት 7 ጠፍቷል፤ በገጽ 63 ‹ጥለኸኝ› የተባለው ሊረጋገጥ አይችልም።» በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ እንደዚህች ዐረፍተ ነገር የከበደኝ የለም።

ካሴት 3 ላይ ሙሾ የለም። በጽሑፌ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ አልወሰድኩበትም፤ ለጥናት የማይረባ ነው ብዬ ነበር። ፋይሉን ለልጅቷ ከፈትኩላት። ዶሮ ይጮኻል፤ ከሩቅ ሰው ይጣራል። ከዚያ የአያቷ ድምፅ መጣ፦

«ልጄ፣ ይህን ነገር ዝጋውና እህል ቅመስ።»

ቀጥሎ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ታዝዤ ዘግቼው ነበር።

ልጅቷ ምንም አላለችኝም። ወደ ኋላ መለሰችና እንደገና ሰማችው፤ ከዚያም እንደገና።