የፎገራ ኳስ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፍ ሰው ወረታን የሚያያት በመኪና መስኮት ነው። እኔ ግን ወረድኩ፤ ወርጄም ወደድኳት። ወሩ ጥር ነው፤ ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ገብቷል። የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ እየሞሉ የሚያጠጡት ጥቁር ዋልካ ተሰነጣጥቆ፣ አንዳንዱ ስንጥቅ የልጅ እግር ይውጣል። ርጥበቱ ሳያልቅ የተዘራው ጓያ ማሳውን አልብሶታል፤ ከዚያ ወዲያ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ የፎገራ ላሞች ተሰማርተዋል።

ግጦሹ ዳር ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ኳሷ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ታጭቆ በሲባጎ የተጠፈረች ናት። አንዱ በባዶ እግሩ ሁለት ተከላካይ አታሎ አገባ። አጠገቤ ከብት የሚጠብቁ አዛውንት «መንግሥቱ ወርቁ!» ብለው ጮኹ።

«አይተውታል አባባ?»

«የት አይቼው ልጄ፤ የጎንደር ልጅ አይደል? ስሙን እየሰማን ነው ያደግነው።»

ልቤ ተነካ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ አራተኛዋን ያገባው መንግሥቱ ነው። በግማሽ ፍጻሜውም ቱኒዚያ ላይ ሁለት አግብቶ ነበር።

የዚያ ቡድን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወዳቸው እሳቸውን ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስን ክለብ በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ ሲመሠርቱ፣ ይድነቃቸው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሆነው ማልያውን ለበሱ፤ ከሃያ ዓመት በላይም አላወለቁትም። የአገሪቱን ፌዴሬሽን ካቋቋሙት፣ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው፤ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸውም መርተውታል። የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ከዓለም እግር ኳስ ለማስወጣት የታገሉት ትግል፣ ለእኔ ከዋንጫውም ይበልጣል።

ሁሉም የተጀመረው ግን በሰፈር ልጆች ነው። ጨዋታው ሲያበቃ ልጆቹን ቡድናችሁ ስም አለው ወይ አልኳቸው። ስም አለው። አምበል አለው፣ ተቀያሪ አለው፣ ለእውነተኛ ኳስ መግዣ የሚዋጣ ብርም አለው። ገንዘብ ያዡ ያ ጎል አግቢው ልጅ ነው፤ ስንት እንደ ደረሰ ብጠይቀው ለአባል ብቻ ነው የሚነገረው አለኝ።