አሥራ አራት መኪና ያለው እግረኛ

ዛሬ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ... ዕድሜው ወደ ሠላሳ የተጠጋ፣ ለጋብቻ ሽማግሌ የላከ ሰው፣ አሻንጉሊት መኪና ሲሰበስብ ብታገኙት ምን ትሉታላችሁ? «ልጅነቱን አልጨረሰም» ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። እናቴም፣ አከራዬም፣ የሰፈሬ ባለሱቅም የሚሉት ይህንኑ ነው።

አሥራ አራት መኪና አለኝ። ጠዋት ጠዋት ግን እንደ እናንተው ታክሲ እሰለፋለሁ። መኪኖቼ አንዳቸውም ከመዳፌ አያልፉም። በፈረንሳይ አገር ለ ማን በምትባል ከተማ የ24 ሰዓት ውድድር ላይ በእውነት የሮጡ መኪኖች ቅጂ ናቸው። ከዋናው 43 ጊዜ ያንሳሉ። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ65 ሳንቲ የነበረ መኪና፣ 11 ሳንቲ እንኳ ሳይሞላ መደርደሪያ ላይ ጉብ ይላል። ቁጥሩ፣ የሹፌሮቹ ስም፣ የጎማው ማርካ፣ አንድም አይቀርበትም።

(ለምን 43? ያላችሁ እንደሆነ ነገሩ ከድሮ የእንግሊዝ አሻንጉሊት ባቡር የመጣ ነው። ባቡሩን ሲሠሩ አንዱን ጫማ በ7 ሚሊ ሜትር ይለኩት ነበር። ከባቡሩ ጎን የሚቆመው መኪናም በዚያው ልክ ተሠራ። በኋላ ልኩ ለመኪናው ተረፈ።)

እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ልጅ እኔም መጀመሪያ የነዳሁት የሽቦ መኪና ነው፤ ጎማው ቆርኪ የሆነውን። የፋብሪካውን ያወቅሁት አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ጀርመን ከገባ በኋላ ነው። አንድ ቀን በሰው እጅ በካልሲ የተጠቀለለ ነገር ላከልኝ። ብፈታው ብርቱካንማና አረንጓዴ ቀለም ያላት፣ ቁጥሯ 55 የሆነች ማዝዳ። «ታሪኳን ሳትሰማ እንዳታስቀምጣት» ብሎ በስልክ ነገረኝና፣ ይኸው በዚያው ተለከፍኩ።

የለ ማን ውድድር የተጀመረው በ1923 ነው። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) የሚሽከረከሩበት ጎዳና ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከፊሉ በአዘቦት ቀን የጭነት መኪና የሚመላለስበት ተራ አስፋልት ነው። ዛሬ ለአንድ መኪና ሦስት ሹፌር ይመደባል። አንዱ ሲነዳ ሌላው ለማረፍ ይሞክራል። ሌሊቱን ሙሉ፣ ዝናብ ቢሆን ጉም ቢሆን መኪናዋ አትቆምም፤ ነዳጅና ጎማ ለመቀየር ካልሆነ በቀር። አሸናፊው በ24 ሰዓት ውስጥ ብዙ ርቀት የሄደው ነው። ስለዚህ ፈጣን መሆን ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ከ23 ሰዓት በኋላ የምትሰበር ፈጣን መኪና ምን ይሠራላችኋል?

ያቺ ማዝዳ በ1991 አሸነፈች። ሞተሯ እንደሌላው ፒስተን የለውም፤ ውስጡ የሚሽከረከር ባለ ሦስት ማዕዘን ነገር ነው ያለው። ለ ማን ላይ አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዋ የጃፓን መኪና እሷ ናት። የመጨረሻውን ተራ የነዳው ጆኒ ኸርበርት የሚባለው እንግሊዛዊ ነበር። ከመኪናው ሲወርድ ፈሳሽ ከሰውነቱ አልቆ ተዝለፍልፎ ወደቀና ሐኪሞች ወሰዱት። ሽልማቱ ሲሰጥ መድረኩ ላይ አልነበረም! እኔ እንግዲህ መደርደሪያዬን ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ መኪናዋ ሳትሆን ያ ሰውዬ ነው።

እንደዚህ ናቸው ሁሉም። በፊልም ያያችሁት ኬን ማይልስ አለ አይደል? የ2019ኙን ፊልም ማለቴ ነው፤ በፍላሽ ያልተቀባበለው የለም። በ1966 ፎርድ አንደኛ ሁለተኛ ሦስተኛ ሲወጣ፣ የሱ መኪና ከባልደረቦቹ ጋር ጎን ለጎን እንድትገባ ተደረገና፣ «ሌላዋ ወደ ኋላ ተሰልፋ ስለተነሳች የበለጠ ርቀት ሄዳለች» ተብሎ ሁለተኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አዲስ መኪና ሲሞክር ሞተ። የብዙ ሰብሳቢ ዓይን ጥቁሯ አሸናፊ ላይ ነው። እኔ የማይልስን ሰማያዊዋን ነው የያዝኩት።

ከእናቴ ጋር ያጣላችኝ ደግሞ በ1971 የተወዳደረችው ሮዝ ፖርሽ ናት። ሰፋ ጠፍጠፍ ያለች በመሆኗ ሠሪዎቹ ራሳቸው አሳማ አስመስለው ቀቧት፤ ሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀለው ሥዕል እያንዳንዱ ብልት በመስመር ተለይቶ በጀርመንኛ ስሙ ተጽፎበታል። በውድድሩ ተጋጭታ ሳትጨርስ ቀረች፤ ዝናዋ ግን ከብዙ አሸናፊ ይበልጣል። ለእናቴ ይህን ሁሉ ማስረዳቴ አልጠቀመኝም። «በሁዳዴ ጾም አሳማ ቤቴ ታስገባለህ?» ብላ በፌስታል አስጠቀለለችኝ። እሷ ቤት በነበርኩባቸው ጊዜያት ያቺ ምስኪን ፌስታሏን አውልቃ አታውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የማገባት ልጅ ነርስ ናት። ገንዘብ አያያዝ ታውቃለች፤ ዕቁባችንን የምትይዘውም እሷ ናት። አንድ ቀን ጓደኛዬ የከፈለበትን ደረሰኝ አየችና ዓይኗ ፈጠጠ። ደህና የሚባለው በዩሮ ከ60 እስከ 80 ሊጠራ ይችላል፤ ይህን በ2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ባለው ሒሳብ ስታባዙት የሚወጣውን እናንተው ድረሱበት። «እስቲ ንገረኝ፣ ይሄ ሁሉ ወጪ ለማን ነው?» አለችኝ። እኔም «አዎ፣ ለ ማን ነው!» አልኳት። ቀልዱ አላሳቃትም።

እውነቱን ለመናገር ክርክሯ ውሃ የሚቋጥር ነበር። የምንገባበት ቤት አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠይቋል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አሥራ አራት መኪና ከነመስታወታቸው የት ሊቀመጡ ነው? እኔ ደግሞ የገዛኋቸው ከዕቁቡ ሳይሆን ከትርፍ ጽሑፍ ባገኘኋት ሳንቲም ነው፤ ግማሾቹ እንዲያውም ስጦታ ናቸው። መጠጥ አልጠጣ፣ ጫት አልቅም... ይህንንም ነገርኳት። «የማትጠጣው እኮ ለራስህ ነው፣ ለኔ ውለታ አይደለም» አለችኝና ዝም አሰኘችኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል ስለ መኪና የተነሳ ወሬ በኩርፊያ ነበር የሚያልቀው።

አንድ እሁድ ጠዋት ከሌሊት ተረኝነት ወጥታ እኔ ጋ ለቁርስ ጎራ አለች። ዓይኗ ቀልቷል። ሻይ እስኪፈላ መደርደሪያው አጠገብ ቆማ አንዷን አነሳች። ነጭና ቀይ፣ ቁጥር 5፣ ቶዮታ።

«ይቺ አንደኛ የወጣች ናት?»

«አይደለችም።»

«ሁለተኛ?»

«እሱንም አይደለችም። ጭራሽ ውጤት አልተሰጣትም።»

«ታዲያ ምን ልትሆንልህ ገዛሃት?»

ነገርኳት። መቼም ቶዮታ ስንል ለኛ ሚኒባስና ዲኤክስ ነው፤ ከቶዮታ የማይወርድ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ይሄ ድርጅት ግን ደጋግሞ ሁለተኛ እየወጣ ለ ማንን ሳያሸንፍ ዓመታት አልፈውታል። በ2016 ይቺ ቁጥር 5 ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው እየመራች ነበር። ካዙኪ ናካጂማ የሚባለው ጃፓናዊ እየነዳት ሳለ ጉልበቷ ከዳትና፣ ገና መስመሩን አልፋ ወደ መጨረሻው ዙር ስትገባ የገዛ ሠራተኞቿ ፊት ለፊት ቆመች። ተከታይዋ ፖርሽ ሽው ብላ አለፈች። ችግሩ በኋላ ሲፈተሽ ከተርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ የሚሄደው የአየር መስመር ላይ ያለች አንዲት ማያያዣ ናት። ናካጂማ እንደምንም አስነስቷት እየተንፏቀቀ ዙሩን ጨረሰ። ግን የመጨረሻው ዙር ከ6 ደቂቃ መብለጥ የለበትም የሚል ሕግ ነበርና ሙሉ ቀንና ሌሊት የሮጠችው ተሰረዘባት። ሁለተኛ እንኳ አልተባለችም።

መኪናዋን በእጇ እንደያዘች ቆየች።

«እኛም ጋ እንዲህ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሌሊቱን ሙሉ ስንሯሯጥለት ያደርነው ሰው ርክክብ ሊደርስ ሲል ያመልጠናል። ጠዋት የሚገባው ሰው መዝገቡ ላይ የሚያየው መጨረሻውን ብቻ ነው። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደመለስነው ማን ያውቃል?»

ያን ዕለት ሌሊት ምን እንደገጠማት አልጠየቅኳትም። ሻይዋን ጠጣች። ትንሽ ቆይታ «ከዚያ በኋላስ ሰውየው ምን ሆነ?» አለችኝ። በ2018 ያው ናካጂማ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አሸነፈ፣ መኪናዋን ወደ መጨረሻው መስመር ያስገባትም እሱ ነው አልኳት። «ተመስገን» ብላ ጋደም አለች። ስለ ጃፓን ሹፌር ተመስገን ስትል የሰማሁት ያኔ ነው።

እንግዲህ ታሪኩን ሰምታ ሐሳቧን ቀየረች ብላችሁ እንዳታስቡ። የቤት ኪራዩ እንዳለ ነው! ግን ከዚያ ወዲህ ስንነጋገር «አሻንጉሊቶችህ» ማለቷን ትታለች። እኔም «አንቺ አይገባሽም» የምትለዋን አላነሳትም። ቁጭ ብለን ተደራደርን። አምስቱ ይቀራሉ፣ ዘጠኙ ይሸጣሉ፣ ብሩ ለቅድሚያው ይገባል። ከተጋባን በኋላ አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። ከባድ ነው ወዳጆቼ... ግን የማይቻል አይደለም።

ይህን አንብቦ ለመጀመር የሚያምረው ወጣት ካለ ከሻጭነቴ በፊት የማውቀውን ልንገረው። በፎቶ አይታችሁ አትግዙ፤ መጀመሪያ የመኪናዋን ታሪክ እወቁ፣ ካላወቃችኋት በሁለት ወር ትሰለቻችኋለች። ድሮ አብዛኞቹ የቀለጠ ዚንክ በግፊት ቅርጽ ውስጥ ገብቶ ነበር የሚሠሩት፤ ዛሬ ብዙዎቹ ትንንሾቹ ሬዚን ናቸው፣ ቅርጹን ማውጣት ስለሚቀልና ጥቂት ብቻ መሥራት ስለሚቻል። ሬዚኑ ያምራል፣ ክብደቱ ግን እንደ ብረቱ አይደለም። አሮጌ የብረት ስትገዙ ቀለሙ ሥር ስንጥቅ ካያችሁ ጥላችሁ ሽሹ። ዚንኩ ውስጥ እርሳስ ከተቀላቀለ ዓመታት ቆይቶ ከውስጥ እየፈረሰ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል፤ መድኃኒት የለውም። ከፀሐይ አርቁ፣ ካርቶኗን አትጣሉ። ደግሞ የድሮዋን የሮትማንስ ፖርሽ ገዝታችሁ የሲጋራው ስም ከጎደለ «ተጭበረበርኩ» ብላችሁ አትጩኹ። በትንባሆ ማስታወቂያ ሕግ ምክንያት ብዙ ጊዜ ያለ ጽሑፉ ነው የሚሸጡት፤ ሰብሳቢው በውሃ ተነክሮ የሚለጠፈውን ለብቻ ገዝቶ በወረንጦ ይለጥፋል። አንድ ሌሊት ይፈጃል፣ እጅ ካላችሁ።

እኔ የማልገዛውም አለ። በ1955 ለ ማን ላይ አንዲት መርሰዲስ ተመልካች መሃል ገብታ ከ80 ሰው በላይ አልቋል። ሞዴሏ ይገኛል። ታሪክ ነው የሚሉ አሉ፣ አልጣላቸውም። ቤቴ ውስጥ ግን ሻይ እየጠጣሁ የማያት ነገር አይደለችም።

የሚቀሩትን አምስቱን የመረጠችው እሷ ናት። ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። አንደኛ ላይ ቁጥር 5ን አስቀምጣለች። ማዝዳዋ «ጓደኛህ የላካት ስለሆነች» ተብላ ተርፋለች፣ የማይልስ ሰማያዊ ፎርድም አለች። ለማኖር የተከራከርኩላት የሮትማንሷ ፖርሽ ግን ወጥታለች፤ «ሲጋራ ሲጋራ ትሸተኛለች» ነው ምክንያቷ፣ ስሙን እንኳ ገና አልለጠፍኩባትም!

ሮዟ አሳማም ለሽያጭ ቀርባለች። ካርቶኗ ሙሉ ነው፣ ጭረት የለባትም፣ ፌስታል ውስጥ ስለኖረች አቧራ እንኳ አልነካትም። እናቱ የማትቆጣው ሰው ካለ ይምጣ።