ሲራራው ከጅቡ ይቅደም፦ የመልካ ጀብዱ ማስታወሻ

ከድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ወጥቶ ወደ ምዕራብ የሚያቀናው መንገድ ተጓዡን ወዲያው ለድሬ ፀሐይ ያስረክበዋል። በግራ የሐረርጌ ተራሮች ተደርድረዋል፤ በቀኝ ሜዳው ዓይን እስከሚያይበት ድረስ ተዘርግቷል። ግመል ነጂዎች የመንገዱን ዳር ይዘው ያዘግማሉ፤ የጅቡቲ ጭነት መኪኖች በአጠገባቸው ያልፋሉ። መልካ ጀብዱ ስንደርስ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ይታያል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የአገራችን የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣናም እዚሁ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ፋብሪካና ስለ ባቡር ያወራል። እኔ የወደድኩት ግን አንድ ግቢ ውስጥ ያየሁትን የልጆች ጨዋታ ነው።

መልካ ጀብዱ ወዳለው የእህቴ ቤት ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ ለልጆቿ የያዝኳቸው የሰሌዳ ጨዋታዎች ነበሩ፤ ዘንዶ፣ አስማተኛና የተደበቀ ሀብት ያለባቸው የጀብዱ ጨዋታዎች። ትልቋ ሰባት ዓመቷ፣ ትንሹ አራት ዓመቱ ነው። ለዚህ ዕድሜ ጨዋታ መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ጽሑፍ የሚነበብበት ጨዋታ ፊደል ያልቆጠረውን ልጅ ያገለዋል። ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ከሆነ ትንሹ ተነስቶ ይሄዳል። አንዱ አሸንፎ ሌላው የሚሸነፍበት ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ በለቅሶ ያልቃል። ስለዚህ የምመርጠው ሥዕሉ ራሱ ታሪኩን የሚናገር፣ ቶሎ የሚያልቅ፣ ቢቻል ሁሉም በአንድ ወገን ተሰልፎ የሚጫወትበትን ነው።

ጀርመኖች በዚህ የተካኑ ናቸው። በየዓመቱ ምርጥ የልጆች ጨዋታ የሚሉትን ይሸልማሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተሸለመው «አስማተኛው ላብሪንት» ሰሌዳው ሥር የማይታይ ግድግዳ አለው። ልጁ በማግኔት የተያያዘውን አሻንጉሊት ሲያንቀሳቅስ ግድግዳ ከነካ ከሥር ያለችው ኳስ ትወድቅና እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። ከልጆቹ ጋር በመጀመሪያ የዘረጋሁት ግን ከሁሉም የቀለለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውን «የፍራፍሬ አትክልት ቦታ» ነው። አራት ዛፎች አሉ፤ በየዛፉ ላይ አሥር አሥር ፍሬ አለ። ዳይሱ ላይ የወጣው ቀለም የትኛው ፍሬ እንደሚለቀም ይናገራል። የቁራ ሥዕል ከወጣ ግን በዘጠኝ ቁራጭ ከተከፈለው የቁራ ምስል አንዱ ይገጠማል። ቁራው ሳይሞላ ፍሬው ሁሉ ከተለቀመ ልጆቹ አብረው ያሸንፋሉ፤ ከሞላ ደግሞ አብረው ይሸነፋሉ።

የቀትሩ ሙቀት ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር ሰብስቦት ነበር። የጎረቤት ልጆችም መጡ። አንዱ በኦሮምኛ፣ ሌላው በሶማሊኛ፣ ሌላው በአማርኛ እያወራ ሁሉም ይግባባል፤ ድሬ የምትወደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለት ዙር ከተጫወትን በኋላ የእህቴ ልጅ ቀና ብላ አየችኝና፣ «አጎቴ፣ ቁራ ምኑ ያስፈራል? ጅብ ይሁን እንጂ!» አለች። ሌሎቹም «አቦ፣ ጅብ! ጅብ!» ብለው ደገፏት።

ጉዞዬን ያጣፈጠው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ካርቶን ቀደድን፤ ከሰል ከምድጃ መጣ። የጅቡን ሥዕል ዘጠኝ ቦታ ቆራረጥን። ፍሬ መልቀሙ ቀርቶ ሲራራ ሆነ። ከባቡሩ በፊት ከዘይላ ወደብ ተነስተው በጅልዴሳ በኩል ሐረር የሚገቡት ነጋዴዎች ግመል እየጫኑ በዚህ ምድር ይመላለሱ እንደነበር ነገርኳቸው። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ይህችን ከተማ እስኪወልዳት ድረስ መንገዱ የእነሱ ነበር። ልጆቹ ወዲያው ገባቸው፤ ግመል በየቀኑ በደጃቸው ያልፋልና። ጠጠሮች ግመል ሆኑ። ጅቡ ሳይሞላ ግመሎቹ ሁሉ ሐረር መግባት አለባቸው ተባለ።

ጨዋታውን ከአጥሩ አጠገብ ቁጭ ብለው የሚያዩ ሽማግሌ ነበሩ። ልጆቹ «አባባ» ይሏቸዋል። «እኛም ሰሌዳ ነበረን» ብለው በጣታቸው አቧራው ላይ አንዱ ከሌላው ውስጥ የሚገቡ ሦስት አራት ማዕዘኖች ሣሉ። ሶማሌዎች ሻህ የሚሉት ነው፤ ሃያ አራት ማረፊያ አለው። ሁለት ሰዎች አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ጠጠር ይዘው ይደረድራሉ፤ ሦስት ጠጠር በአንድ መስመር የገጠመለት የባላጋራውን ጠጠር ያነሳል። ቀጥለውም ጉድጓድ ቆፍረው ገበጣ አሳዩን። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ሠንጠረዥ በሚባለው የአገራችን ቼዝም አባቶቻችን ጨዋታው ሲጀመር ተራ ሳይጠብቁ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጦራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። የሰሌዳ ጨዋታ ከውጭ የመጣብን እንግዳ አይደለም።

ጅቡ ስምንተኛው ቁራጭ ላይ ሲደርስ ልጆቹ ተጨነቁ፤ ሁለት ግመል ገና መንገድ ላይ ነበር። ያን ጊዜ የጎረቤት ልጅ፣ ስድስት ዓመት የሚሆነው፣ «ሥጋ እንስጠው!» አለ። ሐረር ከዚህ ሩቅ አይደለም። እዚያ ምሽት ላይ ጅብ በሰው እጅ ይበላል፤ በአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል። ልጁ ያየውን ወይም የሰማውን ወደ ጨዋታው አስገባ። በመስማማት አዲስ ሕግ ወጣ፦ ከግመሎቹ አንዱ ጭነቱን ለጅቡ ከሰጠ የጅቡ አንድ ቁራጭ ይነሳል። የአውሮፓውን ቁራ መቅደም እንጂ ማብላት አይቻልም ነበር። ልጆቹ ጠላትን በማብላት ማሳለፍን ከአገራቸው አመጡ፤ ጨዋታውም ከበፊቱ ይልቅ ማሰብ የሚጠይቅ ሆነ። ጭነት ሰጥቶ መትረፍ ይሻላል ወይስ ዕድልን መሞከር? ትንሹ እንኳ ምክር ይሰጥ ጀመር።

በማግስቱ ሀብት ፍለጋን ጨመርንበት። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ በተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ከአርባ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች ተጠቅመውበት የተዉት ከአራት ሺህ በላይ የቀይ አፈር ድንጋይ ቁራጭ፣ ክብደቱ አርባ ኪሎ የሚጠጋ፣ ከዚያ ተገኝቷል። ይህን ስነግራቸው ሰሌዳው ላይ ዋሻ ተሣለ፤ ቀይ የሸክላ ስብርባሪም ውድ ሀብት ሆነ። ዘንዶ የሚጠብቀው ወርቅ ለእነሱ ሩቅ ነበር። ይህኛው ግን ከቤታቸው ሆነው የሚያዩት ተራራ ውስጥ ያለ ነው።

ለልጅ ጨዋታ የምትመርጡ ሁሉ፣ ከመልካ ጀብዱ ያገኘሁት ፍርድ ይህ ነው። የገዛችሁትን ጨዋታ አትጣሉት፤ አሠራሩ የረቀቀ ነው፣ ተማሩበት። ነገር ግን ልጁ የሚያውቀውን እንስሳ፣ መንገድና ልማድ የሚያስገባበት በር ያለውን ምረጡ፤ በር ከሌለው እናንተ ክፈቱለት። ትንንሾቹ ሁሉም በአንድ ወገን ይሰለፉ፤ ፉክክሩን ሻህና ገበጣ ሲያድጉ ያስተምሯቸዋል። ሠዓሊዎቻችንና አናጺዎቻችን ደግሞ የዘይላን መንገድ፣ ጅልዴሳንና ሐረርን ሰሌዳ ላይ አስፍራችሁ ለገበያ አውጡ። ገዢ አለ፤ አንዱ እኔ ነኝ።